እትዬ ትብለጥና የአየርላንዱ ውስኪ

ወይዘሮ ትብለጥ አበጀ ባለፈው ወር፣ ከረጅም ሕመም በኋላ፣ ፒያሳ ከሚገኘው ግሮሰሪያቸው ጀርባ ባለው መኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ከኮሶዬ የወረዱ ዘመዶቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የእድር ወዳጆቻቸው በማግስቱ በክብር ሸኝተዋቸዋል። ለአርባቸው መታሰቢያ የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጅ የተባልሁት እኔ ነኝ። የምጽፈውም ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። የሚያውቋቸው ስል ከእጃቸው ተቀብለው የጠጡትን ማለቴ ነው። ከእጃቸው መቀበል ትተው ከርመው ለቀብራቸው ጥቁር ለብሰው የመጡም አሉ። እነሱም ያንብቡት፤ በተለይ ለእነሱ ስል ምንም አልደብቅም።

እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። እትዬ ትብለጥ ግሮሰሪያቸውን የከፈቱት ደርግ ወድቆ ከተማው ትንፋሹን መሰብሰብ ሲጀምር ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ ነኝ። ቤቲቱ ጠባብ ናት። ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ አንድ የእንጨት ባንኮኒ፣ ከጀርባው የጠርሙስ መደርደሪያ፣ ሌላ ምንም የላትም። ባንኮኒው የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው እየተባለ ይወራለት ነበር። እሳቸው ግን «የጣሊያን ይሁን የቱርክ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ምስጥ እንዳልበላው ነው» ይሉ ነበር። ከደህና ቤት የተወለዱ፣ በዘመናቸው ትምህርት ቤት የገቡ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚሄዱ ሴት ነበሩ። «ትሑት ነበሩ» ብሎ የሚናገር ሰው ካለ ከሌላ ሰው ጋር አምታቷቸዋል።

ሰውን የሚጠሩበት መንገድ ለብቻው ነበር። የወደዱትን ሰው ዕድሜው የቱንም ያህል ቢሆን «አንተ» ይሉታል። እኔን ፀጉሬ ሸብቶ ዱላ እስክይዝ ድረስ «አንተ መምህር» ይሉኝ ነበር። የናቁትን ሰው ግን «እርስዎ» ይሉታል፣ ወንበር ይስቡለታል፣ «ምን ልታዘዝዎ» ይሉታል። ሰውዬው ተከበርሁ ብሎ ደረቱን ሲነፋ እኛ አንገታችንን ደፍተን እንስቃለን። እኔም ከዚህ በታች አንዳንድ ሰዎችን በአክብሮት ስጠራ ይህን ከእሳቸው የተማርሁ መሆኔ ይታወቅልኝ።

ስለ ሥራቸው ልናገር። በአገራችን መጠጥ የሚያሳልፍ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ትርጉሙን ማንም ያውቀዋል፤ ክፉ ነገር የለበትም፣ ቢኖርበት መጀመሪያ የምሞት እኔ ነኝ ማለት ነው። ልማዱ የጠላና የጠጅ ነው። እትዬ ትብለጥ ግን በግሮሰሪያቸው ለኡዞውም፣ ለጂኑም፣ ለውስኪውም ያደርጉት ነበር። ጠርሙሱን ደንበኛው ፊት ይከፍቱታል። በግራ መዳፋቸው ጥቂት ያፈሳሉ፣ ያሸቱታል፣ ይቀምሱታል፣ ከዚያ ቃል ይሰጣሉ። ሌላው አሳላፊ ቀምሶ ዝም ይላል፤ እሳቸው ዝም አይሉም። «ይጠጣል» ካሉ ይጠጣል። «ይኼ ለቁስል ማጠቢያ ይሁን» ካሉ ደግሞ ጠርሙሱ ከነመጠጡ ወደ ጓዳ ይሄዳል፤ ኪሳራውም የእሳቸው ነው።

ይህን ሥርዓት ሲያደርጉ ሰው አይመርጡም። አንድ ቀን ድንጋይ ሲጠርብ የዋለ ሰው አቧራውን ሳያራግፍ ገብቶ አንድ መለኪያ ኡዞ አዘዘ። የተከፈተ ጠርሙስ አልነበረም። አዲስ አወረዱ፣ ፊቱ ከፈቱ፣ በመዳፋቸው ቀመሱ፣ «ሸጋ ነው፤ ጠጣ» አሉት። አጠገቡ የተቀመጠው የባንክ ሥራ አስኪያጅ «ለአንድ መለኪያ ይኼን ሁሉ?» ብሎ ሳቀ። እሳቸውም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞር ብለው «እርስዎስ ስንት መለኪያ ሆድ ይዘው ነው የተወለዱት?» አሉት። ጠራቢው መለኪያውን አንስቶ በቀስታ ጠጣ።

ከኮላ ድባ የመጣች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቀጥረው ነበር። ትልቅ ቢሮ ያለው አንድ ሹም እጁን እየሰደደ ያስቸግራት ጀመር። እትዬ ትብለጥ ከባንኮኒው ወጥተው ወንበራቸውን በሁለቱ መካከል አኖሩና ተቀመጡ። «ጌታዬ፣ ሁለቱንም እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩልኝ፤ ማየት እፈልጋለሁ» አሉት። ሹሙ መጠጡን እስኪጨርስ ድረስ እጁን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ዘርግቶ ተቀመጠ። ያቺ ሴት ዛሬ የራሷ ምግብ ቤት አላት። በለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች።

አሁን ወደ ውስኪው ልምጣ። ከሚሊኒየሙ ወዲህ በከተማችን አንድ አዲስ ዓይነት ሰው በዛ። ትናንት በጣሳ ጠላ ሲጠጣ የምናውቀው ሰው ዛሬ ውስኪ በመደርደሪያው ከፍታ የሚመርጥ ሆነ። ዋጋውን ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም የሚቀጥለው ጠረጴዛ እንዲሰማ ነው። ብርጭቆውን ወደ መብራት ያነሣል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ «ጭስ ጭስ ይላል» ይላል። ውስኪው ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ሲያወራ እትዬ ትብለጥ «ልጃቸውን ያሳደጉ ነው የሚመስሉት» ይሉ ነበር። ዓይኑን አስረው ሻይ ቢሰጡት የሻዩን ዕድሜ የሚናገር ሰው ነው። ይህን የምለው ከቅናት አይደለም፤ ውስኪ እወዳለሁ፣ ሲገኝም እጠጣለሁ፣ ስጠጣ ግን ፊቴን አላጣምምም።

የእነዚህ ሰዎች አለቃ አቶ ምትኩ ነበሩ። አቶ ምትኩ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለ መስተዋት ፎቅ የሠሩ ባለሀብት ናቸው። ፎቁ ሲመረቅ «የውስኪ ቅምሻ ፕሮግራም» አዘጋጁ። የሚስታቸው ወንድም ከሚኖርበት ከአየርላንድ ጠርሙሶች ይዞ መጥቶ ነበር። የተጋበዙት የቢሮ ኃላፊዎች፣ ነጋዴዎችና የጤና ቢሮው ሹም ነበሩ፤ እኔም የልጆቻቸው አስተማሪ ስለነበርሁ ተጠራሁ። አሳላፊ እንዲሆኑ የተለመኑት እትዬ ትብለጥ ናቸው። አቶ ምትኩ የፈለጓቸው በሐበሻ ቀሚስ ቆመው ፎቶው ላይ ባህል እንዲመስሉ ነበር። እሳቸው ግን የጎረቤት ድግስ ነው ብለው፣ ለጎረቤት ድግስ እምቢ አይባልም ብለው ሄዱ።

እሑድ ከሰዓት ነበር። እንግዳ ሞልቷል። እትዬ ትብለጥ ጠርሙሶቹን ወደ አዳራሹ ይዘው ሊገቡ ሲሉ አቶ ምትኩ ከለከሏቸው። በጓዳ ተከፍቶ በብርጭቆ ጆግ ተደርጎ ይምጣ አሉ፤ በውጭ አገር ፊልም እንደዚያ አይተዋል። እትዬ ትብለጥ «ጠርሙስ ሰው ፊት ነው የሚከፈት» አሉ። አቶ ምትኩም «እትዬ፣ ይኼ ግሮሰሪ አይደለም» አሏቸው። እሳቸውም የሰው ቤት ነው ብለው ተዉት። መጠጡ በጓዳ ተከፍቶ በጆግ መጣ።

አቶ ምትኩ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ረጅም ነበር። «ንጹሕ የአየርላንድ ውስኪ» የሚለውን ደጋግመው አሉት። ከዚያ ለእትዬ ትብለጥ ምልክት ሰጡ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው በግራ መዳፋቸው ጠብ አደረጉ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ። ከወትሮው ዘገዩ። ደግመው አሸተቱት። ፊታቸው ፈገግ ሲል አየሁ፤ ወደውታል። «ሸጋ ነው። ይጠጣል። ሩም ሩም ይላል ግን» አሉ።

አዳራሹ ቀዘቀዘ። ሩም በእኛ ከተማ የወጣት ሠራተኛ መጠጥ ነው፤ ከሸንኮራ የሚወጣ፣ ከለስላሳ ጋር ተደባልቆ የሚጠጣ ርካሽ ነገር። አንዱ ነጋዴ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ምትኩ፣ ከአየርላንድ ነው ወይስ ከሰፈር ኪዮስክ?» አለ። ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያች ደቂቃ በፊት «ማር ማር ይላል» ሊሉ አፋቸውን ያዘጋጁ ሰዎች ሁሉ ብርጭቆውን ሲያሸቱ የኪዮስክ ሩም ብቻ ሸተታቸው። የራሳቸው አፍንጫ ስለሌላቸው የሰው አፍንጫ ተዋሱ። እውነቱን ለመናገር መጠጡ መልካም ነበር። መጀመሪያ የተቆላ ገብስ ይመጣል፣ ቀጥሎ የበሰለ ሙዝና ዘቢብ፣ ሲዋጥ ደግሞ ያረረ ስኳርና ጥቂት ቅርንፉድ። ለስላሳ ነው፣ ጉሮሮ አይቧጥጥም። እትዬ ትብለጥ ያሉትም ይኸንኑ ነው፤ በአጭር ቃል አሉት እንጂ።

አቶ ምትኩ ቀልተው ቆሙ። ሰው ፊት ተዋርደዋል፣ ውርደቱንም የሚያራግፉበት ሰው ይፈልጋሉ። ዞር አሉና «ጠርሙሱ የተከፈተው በእርስዎ እጅ ነው፤ በጓዳ ነው። ምን እንደጨመሩበት እርስዎ ያውቃሉ» አሏቸው።

ይህ ቃል ለአገራችን ሰው ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቀምሶ የሚያሳልፍን ሰው ጨምሮበታል ማለት እጁን መቁረጥ ነው። እትዬ ትብለጥ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። መዳፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ። «የተናገሩትን ይመልሱ» አሉ። አቶ ምትኩ ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

እኔ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ባዶውን ጠርሙስ አምጥቼ የተጻፈበትን ጮክ ብዬ አነበብሁ፣ ወደ አማርኛም መለስሁት። ውስኪው ከተለያዩ ውስኪዎች የተቀየጠ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ወራት ደግሞ ሩም በነበረበት የእንጨት በርሜል ውስጥ እንዲያርፍ ተደርጓል ይላል። የሩም ጠረኑ ከበርሜሉ የመጣ ነው፣ ሆን ተብሎም የተደረገ ነው፣ ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው አልሁ። የጤናው ሹም ራሱን ነቀነቀ። «በርሜሉ ሽታ ካለው መታጠብ ነበረበት» አለ። ሌላው ደግሞ «ፈረንጅ ያገለገለ በርሜል ምን ቸግሮት ይገዛል?» ብሎ ጠየቀኝ። አቶ ምትኩ «መምህር፣ እንግሊዝኛውን ለተማሪዎችዎ ያቆዩት» አሉኝ።

እትዬ ትብለጥ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። «የእናቶቻችሁ ጋን በምን ነበር የሚታጠነው?» አሉ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በወይራ ያልታጠነ ጋን ጠላ ጠጥቶ ያደገ አንድም ሰው አልነበረም። ዕቃው ለመጠጡ ጠረን እንደሚሰጠው ነፍስ ካወቁ ጀምሮ በምላሳቸው ያውቁታል። ነገሩ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲመጣ ግን አላወቁትም። እትዬ ትብለጥ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እኔም ተከተልኋቸው። በኋላ እንደሰማሁት የቀሩት እንግዶች ያንን «የተበረዘ» ውስኪ አንድ ጠብታ ሳያስተርፉ ጨርሰውታል።

ወሬው በማግስቱ ከተማውን ዞረ። መጀመሪያ ሩም ቀላቀለች ተባለ። ቀጥሎ አረቄ ነው ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ «ምን እንደምትጨምርበት አይታወቅም» ሆነ። ያን ያወሩት ከአዳራሹ ውስጥ የነበሩት ናቸው፤ የራሳቸውን ጥፋት ከማመን ወሬውን ማመን ይቀላቸዋልና። ግሮሰሪዋ ባዶ ሆነች። የባንኩ ሰው ቀረ፣ ሹማምንቱ ቀሩ፣ ነጋዴዎቹ ቀሩ። እኔና ጥቂት የድሮ ሰዎች፣ ያ ድንጋይ ጠራቢም ጭምር፣ ቀጠልን። እሳቸው ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሩን ይከፍታሉ፣ ጠረጴዛ ያብሳሉ፣ ቀሚሳቸው ንጹሕ ነው፣ ፊታቸው አይጠቁርም።

ከጎን ሱቅ ያላቸው የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑርሁሴን መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። ያኔ ግን በየቀኑ ከሱቃቸው ወጥተው የግሮሰሪዋ ደፍ ላይ መቆም ጀመሩ። «ትብለጥ፣ ውሃ ስጪኝ። በብርጭቆ አድርጊው፤ አንቺ ቅጂው» ይላሉ። እትዬ ትብለጥ ይቀዱላቸዋል። ሐጂ በአላፊ አግዳሚው ፊት፣ መንገዱን እያዩ፣ ቀስ ብለው ይጠጡታል። አንድ ቀን «ምነው ሐጂ፣ ሱቅዎ ውስጥ ውሃ ጠፋ?» አልኋቸው። «እኔ እዚህ ቤት መጠጥ ያልጠጣሁት ሃይማኖቴ ከልክሎኝ ነው። እነዚያን ምን እንደከለከላቸው ግን አልገባኝም» አሉኝ። በዚያ ወራት ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው ንግግር ይኸ ነበር።

ትልቁ ቁስል የደረሰው በወንድማቸው ልጅ ሠርግ ነው። ሠርጉ ኮሶዬ ነበር። በዚያ ቤት ሠርግ ሲሆን መጠጡን ቀምሰው የሚያሳልፉት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። በዚያ ቀን ግን አማቾቹ በጆሮ አንሾካሾኩ፣ ወንድማቸውም አፍሮ ለሌላ ሰው ሰጠው። ማንም ምንም አላላቸውም። ብቻ ቀጂው መጥቶ ከፊታቸው ቀመሰና ብርሌ ሰጣቸው፤ እንደ ማንኛዋም እንግዳ። ተቀብለው አመሰገኑ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩና «እጅ ሥራ ሲያጣ እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» አሉኝ። ሲያዝኑ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ በጣም አዝነው ነበር።

ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው አያ ፈረደ ነበሩ፤ እውነት ሳይነኩ በማስታረቅ የታወቁ ሰው ናቸው። ያመጡት ሐሳብ እንዲህ ነው። እትዬ ትብለጥ ድንጋይ ተሸክመው አቶ ምትኩ ደጅ ይሄዳሉ፣ አጥፍቻለሁ ይላሉ፣ አቶ ምትኩም ይቅር ይላሉ፣ ደንበኛው ሁሉ ይመለሳል።

«ጨምረሻል አላልንም። እኛ እናውቅሻለን» አሉ አያ ፈረደ። «ግን እሱ ትልቅ ሰው ነው። ለሰላሙ ብለሽ ነው እንጂ።»

«ካልጨመርሁ ድንጋዩን ለምን እሸከማለሁ?»

«ወግ ነው። ይሸከሙታል፣ ያወርዱታል።»

«አያ ፈረደ፣ በምላሴ ያልዋሸሁትን በአንገቴ አልዋሽም» አሉ እትዬ ትብለጥ። «እሱ አዳራሽ ውስጥ ተናግሯል። ሰው ፊት ይመልሰው። ድንጋይ አልጠየቅሁትም፣ ካሣ አልጠየቅሁትም። አፉን ብቻ ነው የጠየቅሁት።»

ሽማግሌዎቹ ብዙ አወሩ። ሲደክማቸው ጉሮሯቸውን ሊያርሱ ፈለጉ። «ምን ልስጣችሁ?» ሲሏቸው ሦስቱም ቢራ አሉ። ከነክዳኑ የሚመጣውን ማለት ነው። እናውቅሻለን ያሉት ሰዎች የታሸገ አዘዙ። እትዬ ትብለጥ ቢራውን አመጡ፣ ክዳኑን ፊታቸው ከፈቱ፣ ብርጭቆ አጠገቡ አኖሩ፣ ሳይቀዱላቸው ወደ ባንኮኒያቸው ተመለሱ። አያ ፈረደ ለራሳቸው ቀዱ።

ዓመታት አለፉ። የአቶ ምትኩ ፎቅ ሥር ባር ተከፈተ። አንድ ቀን ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ጋር ገባሁ። አቶ ምትኩ ከአዲስ አበባ ከመጡ እንግዶች ጋር ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ያ የአየርላንድ ውስኪ አለ። በእጃቸው የበርሜል ቅርጽ እየሠሩ ያስረዳሉ። ሩም የነበረበት በርሜል ነው፣ መጨረሻ ላይ እዚያ ያርፋል፣ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው፣ ይህን ጠረን ሁሉም አፍንጫ አይለየውም ይላሉ። እንግዶቹ እያደነቁ ያሸታሉ። ቀርቤ ሰላም አልኋቸው። «እትዬ ትብለጥ ለይተውት ነበር» አልሁ። ፈገግታቸው አልጠፋም። «መምህር፣ ያ የድሮ ነገር ነው» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ደንቆሮ ናቸው እያልሁ አዝንላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ማዘኔን ተውሁ።

እትዬ ትብለጥ ታመው አልጋ ሲይዙ አቶ ምትኩ ሊጠይቁ መጡ። ትልቅ ቅርጫት ብርቱካን አስይዘዋል፤ አብረዋቸው የመጡ ሁለት ሰዎች ደጅ ቀሩ። እኔ ከአልጋው እግርጌ ተቀምጬ ነበር። አቶ ምትኩ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «እትዬ፣ ያኔ ተሳስቼ ነበር» አሉ።

«ጆሮዬ ደክሟል፤ ጮክ ብለው ይናገሩልኝ» አሉ እትዬ ትብለጥ። ጆሯቸው ደህና ነበር፤ ከግቢው በር የሚገባውን ሰው በእርምጃው ይለዩት ነበር።

አቶ ምትኩ ወደ በሩ አዩ። ከበሩ ውጭ ሁለቱ ሰዎች ቆመዋል። እትዬ ትብለጥ ወደ እኔ ዞረው «አንተ መምህር፣ በሩን ክፈትላቸው፤ አየር ይግባ» አሉኝ። ከፈትሁት። ሁለቱ ሰዎች ወደ ውስጥ አዩ። አቶ ምትኩ ቀና አሉና «እግዜር ይማርዎ እትዬ። በደህና ቀን እንነጋገራለን» ብለው ወጡ። ያንኑ አራት ቃል ጮክ ብሎ መድገም ነበር የቀራቸው። እነዚያን ቃላት ለማለት የሚያክል ወኔ በዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ አልተገኘም።

የነፍስ አባታቸው መጥተው ቂም ይዘው እንዳይሄዱ መከሯቸው። እኔ ልወጣ ስል «ተቀመጥ፣ ይኼ ምስጢር አይደለም» አሉኝ። ለነፍስ አባታቸውም እንዲህ አሏቸው። «አባቴ፣ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ከልቤ ነው። አልታረቅሁም ግን። ይቅርታው የኔ ነው፣ ሰጥቼዋለሁ። ዕርቁ የሁለታችን ነው፤ እሱ የሱን አላመጣም።» አባ መስቀላቸውን አሳለሟቸውና «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። እትዬ ትብለጥ ያንኑ ሳምንት ዐረፉ።

በለቅሶው ድንኳን አቶ ምትኩ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ቀጥለውም ተነሥተው ንግግር አደረጉ። እናታችን አሉ፣ የከተማችን ባህል ጠባቂ አሉ፣ የማይረሳ እጅ አሉ። መጨረሻ ላይ «በአንድ ወቅት በመካከላችን ትንሽ አለመግባባት ነበረ፤ ከማረፋቸው በፊት ግን ታርቀናል» ብለው ዓይናቸውን በመሐረብ አበሱ። ያን ውስኪ የጠጣ ሁሉ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። ሐጂ ኑርሁሴን ተነሥተው ወጡ። እኔ ለቀስተኛ ፊት ነገር ላለማንሣት ብዬ ተቀመጥሁ። ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ከሠልስቱ በኋላ አቶ ምትኩ ቤቴ ድረስ መጡ። ይህን ጽሑፍ እንደማዘጋጅ ሰምተዋል። ማሳተሚያውን እችላለሁ አሉ፣ ጥሩ ወረቀት ይሁን አሉ፣ ባለ ቀለም ፎቶ ይግባበት አሉ። «ስለ ዕርቁ አንዲት መስመር ብቻ ያስገቡልኝ። ለታሪክ ነው፤ ለልጆቼም ነው» አሉኝ። የመጡበት ጉዳይ ይኸው ነበር። አንዲት ሴት በሕይወት ሳለች ከፊቷ ሊያወጡት ያቃታቸውን ቃል፣ ከሞተች በኋላ በእኔ ብዕር ሊጽፉት ፈለጉ። ወንበር ሳብሁላቸው። «ምን ልታዘዝዎ?» አልኋቸው። አልገባቸውም፤ ውሃ አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ በሩ ድረስም ሸኘኋቸው። ወረቀቱ ያለ እሳቸው እርዳታ ታትሟል፤ ፎቶውም ጥቁርና ነጭ ነው።

እትዬ ትብለጥ፤

እንግዲህ ያሰናብቱኝ። ከእጅዎ የጠጣነው ሰዎች በሕይወት እስካለን ድረስ ያ እጅ ንጹሕ እንደነበር እንናገራለን። ለመናገርም በር አንዘጋም። ውስኪውም ያሉት ዓይነት ነበር፤ አንድም ነገር አልተሳሳቱም። ያ ሁሉ ሰው ደጅዎን ሲተው በሩን ከፍተው ተቀመጡ። ወዳጅ፣ ዘመድና ሽማግሌ አንድ ላይ ሆኖ ድንጋዩን ሲያቀርብልዎ አንገትዎን አልሰጡም። እኔ በዕድሜዬ ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ ይህን ያህል የቻለ አላየሁም። ናፍቀውኛል። ከሰዓት በኋላ እግሬ ወደዚያች ቤት ይወስደኛል፣ በሩ ዝግ ሆኖ ሳገኘው ከሐጂ ጋር ቆመን ሳንነጋገር እንመለሳለን።

አቶ ምትኩ ታርቀዋል ብለው ይጻፉ አሉኝ። አልታረቁም። ይቅር ብለው፣ ሳይታረቁ ሄደዋል። እንደዚያው ጽፌዋለሁ፤ ይረፉ።